ከቫልቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ አብሌሽን ላድርግ ወይስ ልቅር? አምስት ወር የተመላለስኩበት የልብ ምት ክሊኒክ

ይህ ግምገማ በሜሪላንድ፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሥር የሚሠራ የልብ ምት ክሊኒክን ይመለከታል። ባለፉት አምስት ወራት ሦስት ጊዜ በአካል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በቪዲዮ ተገልግዬበታለሁ። የወሰደኝ ጉዳይ አንድ ነበር፤ የልብ ቫልቭ ከተቀየረልኝ ከዓመታት በኋላ የመጣብኝን የልብ ምት መዛባት በካቴተር አብሌሽን (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ምቱን የሚያዛባውን የልብ ሥጋ በማጥፋት) መታከም ይሻለኛል ወይስ በመድኃኒት ብቻ መቆየት? የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። በልጅነቴ እየደጋገመ ይይዘኝ የነበረው የቶንሲል ሕመም በወጉ ሳይታከም ቀርቶ ሪኡማቲክ የሚባለውን የልብ ሕመም ትቶብኝ አለፈ። በአገራችን ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እየተወጉ ያደጉ፣ በሃያና በሠላሳ ዓመታቸው አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ብዙ ናቸው። የእኔም ሚትራል የሚባለው የግራ ልብ ቫልቭ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ በ2016 ሕንድ፣ ባንጋሎር ድረስ ሄጄ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተካልኝ። ሰው «የብረት ቫልቭ» ይለዋል እንጂ የሚከፈቱትና የሚዘጉት ክንፎቹ ከካርቦን የተሠሩ ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ቀን ልቤ ድንገት ተረበሸና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ማለትም የልብ የላይኛ ክፍሎች ምት ሥርዓት አጥቶ መዘበራረቅ፣ ነው ተባልኩ። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ከመቶ ታካሚ ከ20 እስከ 40 በሚሆነው ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ውስጥ ይጀምርና እብጠቱ ሲቀንስ፣ ቁስሉ ሲሽር፣ ከስድስት እስከ ስምንት ባለው ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በወሩ ልቡ የተዛባበትን ሰው ሐኪሞች ለአብሌሽን አያጣድፉትም፤ በመድኃኒት ያረጋጉታል፣ ካስፈለገም በኤሌክትሪክ ምቱን ያስተካክሉለታል፣ ይጠብቁታል። የእኔም በአምስተኛው ሳምንት ተወኝ። ተመልሶ የመጣው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው የራሱን ልብ ይሰማል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ትክ ትክ የሚለው ድምፅ ከግድግዳ ሰዓት አይለይም፤ ባለቤቴ ከመልመዱ የተነሣ ካልሰማው እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ሌሊት ግን ያ ሰዓት የልብስ ስፌት መኪና ሆነ፤ ፈጣን፣ እኩል፣ ዝንፍ የማይል። ተኝቼ ሳለሁ በእጄ ያለው ሰዓት 148 ይላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባየውም 148፣ ተነሥቼ ውኃ ጠጥቼ ባየውም 148። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነበር፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚንጠባጠብ ዝናብ አንዴ ጠብ፣ አንዴ ጠብ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ዝም። የሁለቱን ልዩነት ለማንም የሕክምና ሰው መናገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር። በኋላ እንደማስረዳው ግን ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ኖሯል።

በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሌላ የልብ ሐኪም ቢሮ ነበር። ስሙን አላነሣም፤ የገጠመኝን ግን ለሌላው ትምህርት ስለሚሆን እናገራለሁ። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ተነሣሁ፣ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ አሚዮዳሮን የተባለ የልብ ምት ማረጋጊያ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ ረዳቷም ፈገግ እያለች «ደም መመርመር የማያስፈልገው አዲስ ክኒን ስላለ ዋርፋሪንሽን እንቀይርልሻለን» አለችኝ። ዋርፋሪን ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ የምወስደው የደም ማቅጠኛ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ እንዳለኝ ፋይሉ ላይ ተጽፏል፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እስካስታውሳት ድረስ ግን ያስተዋለው አልነበረም። ዳቢጋትራን የተባለው ከአዲሶቹ መድኃኒቶች አንዱ እንደ እኔ ዓይነት ቫልቭ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር የደም መርጋቱም የደም መፍሰሱም ስለበዛ ሙከራው ከጊዜው በፊት ተቋርጦ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። በሪኡማቲክ የልብ ሕመም ሳቢያ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የያዛቸውን ሰዎች ያጠናውና በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናትም ሪቫሮክሳባን የተባለውን ሌላውን አዲስ መድኃኒት ከሚወስዱት ይልቅ ዋርፋሪንንና መሰሎቹን ከሚወስዱት መካከል የሞቱት ያነሱ እንደነበሩ አሳይቷል። የክኒኑ ነገር በዚህ ቀረ። አሚዮዳሮን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚጨምር የዋርፋሪኑ መጠን መቀነስ፣ ደሜም ቶሎ ቶሎ መመርመር እንደነበረበት ግን የነገረኝ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ አልቆም ብሎ ሲደማ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ፤ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው አይኤንአር የተባለው ቁጥር፣ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን ሲገባው፣ 5.6 ሆኖ ተገኘ። ወደ ልብ ምት ክሊኒኩ ሪፈር የተጻፈልኝ ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ቀጠሮ ለማግኘት ሰባት ሳምንት ጠብቄአለሁ። ይህ የክሊኒኩ የመጀመሪያው ድካም ነው፤ ስልካቸው ደግሞ ከወረፋው የባሰ ነው። ሆኖም በዚያው የጥበቃ ጊዜ ያደረጉት አንድ ነገር ሥራቸውን የሚያውቁ መሆናቸውን አሳይቶኛል። ከቀጠሮው በፊት ሦስት ነገር እንዳቀርብ ደብዳቤ ላኩልኝ፤ የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ሪፖርት፣ የቫልቩን ካርድ፣ ልቤ በተዛባበት ሰዓት የተነሣውን ኢሲጂ። የቫልቩ ካርድ፣ ዓይነቱና መጠኑ የተጻፈበት፣ ለዓመታት ከፓስፖርቴ ጋር በፌስታል ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት አለ። ከባንጋሎር ይዤው የመጣሁት ወረቀት ግን ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ማጠቃለያ ብቻ ነበር። ለሆስፒታሉ ኢሜይል ጽፌ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሙሉውን ሪፖርት ላኩልኝ፤ አራት ገጽ ነው። የሚፈለገው አንድ ዐረፍተ ነገር በሦስተኛው ገጽ ላይ ተገኘ፤ ቀዶ ሐኪሙ ወደ ሚትራል ቫልቭ የደረሰው የቀኙን የልብ የላይኛ ክፍል ከፍቶ፣ በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ ሰንጥቆ ነው። የተቆረጠው ሁሉ ተሰፍቶ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ለአብሌሽን ሐኪም ይህች ዐረፍተ ነገር ካርታ ናት። በሕንድ፣ በታይላንድ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ቦታ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ ሁሉ ሪፖርታችሁን ሳትታመሙ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ አስቀምጡ።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ ከዐሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ጋር ሄድኩ፤ ልታስተረጉምልኝ ነበር። ሐኪሙ በትሕትና ከለከላት። ልጅን ለእናቷ ሕመም አስተርጓሚ ማድረግ እንደማይገባ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ነገረንና በመንኮራኩር የሚገፋ ስክሪን አስመጣ። በስክሪኑ የመጡት ጨዋ አስተርጓሚ በ«እርስዎ» እየጠሩኝ በጥንቃቄ ይተረጉሙ ነበር፤ ሐኪሙ «ኤትሪየም» ባለ ቁጥር ግን «አዳራሽ» ይሉ ነበርና ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ልቤ ውስጥ ሳይሆን ሆቴል ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። አብሌሽንንም «ማስወገድ» አሉት። ምን ሊወገድ ነው ብዬ ስደነግጥ ልጄ መታገሥ አቅቷት «እማዬ፣ ጠባሳ እንዲሆን ማቃጠል ነው» አለችኝ። ሐኪሙ ምን እንዳለች ጠየቃት፤ ነገረችው፤ «ከእኔ የተሻለ ገለጸችው» አለ። ለማንኛውም አስቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ኤትሪየም የልብ የላይኛው ክፍል ነው፣ ካቴተር በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ሽቦ መሰል ቱቦ ነው፣ አብሌሽን ደግሞ ምቱን የሚያዛባውን የሥጋ ክፍል በሙቀት፣ በቅዝቃዜ ወይም በኤሌክትሪክ ንዝረት ሆን ብሎ መግደል ነው።

የዚህን አገልግሎት ዋጋ ያየሁት ከዚህ በኋላ በነበረው አርባ ደቂቃ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ስሜቱ እንዴት እንደሆነ በራሴ አባባል እንድነግረው ጠየቀኝ፤ የስፌት መኪናውንና የቆርቆሮ ጣሪያውን ነገርኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ደግሜ እንድናገር ጠየቀኝ፤ ከዚያም በምርመራ አልጋው ላይ ከተነጠፈው ወረቀት ቀድዶ ሁለት ሥዕል ሣለ። የስፌት መኪናው ኤትሪያል ፍላተር ይባላል፤ የኤሌክትሪክ ምልክቱ መውጫ እንደጠፋበት ታክሲ በአንድ አደባባይ ዙሪያ ይሽከረከራል። የላይኛው ክፍል በደቂቃ ወደ 300 ጊዜ ይዞራል፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ወደ ታች ያልፋል፣ ስለዚህ የልብ ምቱ 150 አካባቢ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ የእኔ 148 ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። የቆርቆሮ ጣሪያው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው፤ እዚያ አደባባይ የለም፣ መንገዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘበራርቋል። የመጀመሪያው ቢሮ ሁለቱን በአንድ ስም ጽፎ በአንድ መድኃኒት ሊያስታግስ ሞክሮ ነበር።

ለፍላተሩ ያለው መልስ ግልጽ ነው። በብዙዎች ላይ ያ አደባባይ በቀኝ በኩል፣ ትራይከስፒድ በሚባለው ቫልቭና ከታችኛው አካል ደም በሚያመጣው ትልቅ ደም ሥር መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። በብሽሽት በኩል ካቴተር አስገብቶ ያቺን መተላለፊያ ከዳር እስከ ዳር በትንንሽ ቃጠሎ መዝጋት ዙሩን ያቋርጠዋል፤ በዚህ ዓይነት ፍላተር ላይ አንድ ጊዜ በተሠራ ሕክምና ከመቶ ከ90 በላይ ይሳካል። በቀዶ ሕክምና ባለፈ ልብ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ምልክቱ በጠባሳው ዙሪያም ሊሽከረከር ይችላል፣ ኢሲጂው ላይ የሚታየው ቅርጽም ያታልላል፤ የተለመደው የሚመስለው ያልተለመደ፣ ያልተለመደ የሚመስለውም የተለመደ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እውነቱ የሚታወቀው ካቴተሩ ገብቶ በኮምፒዩተር የልቡን ባለ ሦስት ገጽታ ካርታ ሲሥል ብቻ ነው። ሐኪሙ የባንጋሎሩን ሪፖርት ሦስተኛ ገጽ አውጥቶ በቀኙ ክፍል የቀረውን ጠባሳ በሥዕሉ ላይ አመለከተኝና «እዚህም ሌላ አደባባይ ካገኘሁ በዚያው ቀን እዘጋዋለሁ» አለኝ።

ለሁለተኛው፣ ለፊብሪሌሽኑ፣ የሰጠኝ መልስ እጅግ የተቆጠበ ነበር፤ ያመንኩትም ስለዚህ ነው። በ1998 ሚሼል ሃይሳገርና ባልደረቦቹ ከቦርዶ፣ ፈረንሳይ ባሳተሙት ጥናት በ45 ታካሚዎች ላይ ፊብሪሌሽን የሚቀሰቅሱ 69 ቦታዎችን አግኝተው ከእነዚያ 65ቱ ከሳንባ ወደ ልብ ደም በሚያመጡት ሥሮች ውስጥ ሆነው ተገኙ፤ የዛሬው የፊብሪሌሽን አብሌሽን እነዚህን ሥሮች ከልቡ በኤሌክትሪክ መነጠል ላይ የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው። በእኔ ላይ ግን ነገሩ በሁለት ምክንያት ይከብዳል። አንደኛ፣ ሪኡማቲክ ሕመሙ የግራውን የላይኛ ክፍል ለዓመታት ስለወጠረውና ጠባሳ ስለተወበት ችግሩ ከሥሮቹ አፍ ያለፈ ነው፤ የመዳኑ ዕድል ልቡ ካልሰፋ ሰው ያነሰ ነው፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ መደገምም ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛ፣ በግራ በኩል የሚሠራ ካቴተር ወደ ሰው ሠራሹ ቫልቭ ተንሸራትቶ በክንፎቹ መካከል ሊያዝ ይችላል፤ እምብዛም አይደርስም፣ ቢደርስ ግን ደረትን እንደገና እስከ መክፈት ያደርሳል። በላዩም ብዙዎቹ ትልልቅ ጥናቶች እንደ እኔ ያለውን ታካሚ እንዳላካተቱ ሳልጠይቀው ነገረኝ። በ2019 ውጤቱ የወጣውን፣ 2,204 ሰዎች የተሳተፉበትን ካባና የተባለ ጥናትም አነሣልኝ፤ አብሌሽን ፊብሪሌሽኑን ቀንሶ፣ የታካሚዎቹን የዕለት ኑሮ አሻሽሎ፣ ሞትንና ከባድ ስትሮክን በመቀነስ ረገድ ግን ከመድኃኒት እንደሚበልጥ በማያሻማ ሁኔታ ሳያሳይ ቀርቷል። «ፊብሪሌሽንሽ በወር አንዴ ለሁለት ሰዓት የሚመጣ ከሆነ አሁን እዚያ ድረስ አልሄድም» ነበር ያለኝ፤ አስተርጓሚው ይህንንም በእርስዎ ተረጎሙት።

እግረ መንገዴን ለሌሎች የሚጠቅም አንድ ነገር ላንሣ። ገና ቫልቭ ሊቀየርላችሁ የምትጠብቁና ከወዲሁ ፊብሪሌሽን ያለባችሁ ሰዎች፣ ደረታችሁ በተከፈተበት ቀን «ሜዝ» የሚባለው ሥራ አብሮ ሊሠራላችሁ ይችል እንደሆነ ቀዶ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጀምስ ኮክስ የተባለው ቀዶ ሐኪም በ1987 የጀመረው ይህ ዘዴ በላይኛው ክፍል ላይ ሆን ተብሎ የታቀዱ ጠባሳዎችን በማበጀት ምልክቱ እንዳይዘበራረቅ ያደርጋል። እኔ ያኔ ፊብሪሌሽን ስላልነበረብኝ የሚመለከተኝ አልነበረም።

ስለ አደጋው የነገሩኝ አነጋገር ቀጥተኛ ነበር። በፊብሪሌሽን አብሌሽን ላይ ልብ ተበስቶ በልብ ሽፋን ውስጥ ደም መጠራቀም ከመቶ ሰው በአንዱ አካባቢ ይደርሳል፤ ስትሮክ ከመቶ ከአንድ በታች ነው፤ ዲያፍራም ወደሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ የሚሄደው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ከሁሉ የሚያስፈራውና ከሁሉ ጥቂቱ፣ ከሺህ ሰው ከአንድ በታች የሚደርሰው፣ በልብና በምግብ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ መፈጠር ነው፤ ይህም ከሕክምናው ሳምንታት በኋላ በትኩሳትና በመዋጥ ሕመም ስለሚጀምር ሰው ከአብሌሽኑ ጋር ሳያያይዘው ይቀራል። በቀኝ በኩል ብቻ በሚሠራ የፍላተር አብሌሽን ላይ ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ አያሰጉም፤ የቀረው በዋናነት የብሽሽት ደም መፍሰስ፣ አልፎ አልፎም የልቡ የተፈጥሮ ሽቦ ተነክቶ ፔስሜከር የተባለው፣ ልብ እንዲመታ የሚያግዝ በሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ፣ ማስፈለጉ ነው። በአሜሪካ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ስለተፈቀደው፣ ፐልስድ ፊልድ ስለሚባለው አዲስ ዘዴም ጠየቅሁት፤ ያለ ሙቀት በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ስለሚሠራ የምግብ ቧንቧንና ነርቭን ከጉዳት ያተርፋል ይባላል። እርሱ ግን ለእኔ አልጓጓለትም። በዚያች በቀኝ መተላለፊያ አጠገብ የልብ ደም ቅዳ ሥር ስለሚያልፍ ንዝረቱ ሥሩን ለጊዜው ሊያኮማትረው ይችላል፤ የተለመደው የራዲዮፍሪኩዌንሲ ቃጠሎ ለዚህ ቦታ በቂና የታወቀ ነው። አዲስ ማሽን ያለው ክሊኒክ አዲሱን ማሽን እንደማያስፈልገኝ ሲነግረኝ ግምቴ ከፍ ማለቱን አልደብቅም።

ከሐኪሙ ቀጥሎ ያመሰገንኩት የዋርፋሪን ነርሷን ነው። እኔ ዋርፋሪን ከሕክምናው በፊት ይቆማል ብዬ ነበር። እርሷ ግን በ2014 የታተመ፣ 1,584 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ዋርፋሪን ሳይቋረጥ መሥራት ስትሮክንም ደም መፍሰስንም እንደሚቀንስ እንዳሳየ፣ ለሰው ሠራሽ ቫልቭ ባለቤት ደግሞ ማቋረጡ ራሱ አደጋ እንደሆነ አስረዳችኝ። የሚፈለገው ከሕክምናው በፊት ቢያንስ ለሦስት ሳምንት አይኤንአር በየሳምንቱ እየተለካ በልኩ መገኘቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ጾሙ የመጣው። በዐቢይ ጾም አይኤንአሬ 1.9 ወርዶ አገኘችውና ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፤ ጎመኑ ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል፤ በፍስኩ ወራት ጎመን አልፎ አልፎ፣ በጾሙ ግን በየዕለቱ ስለምበላ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ለዓመታት ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ «ጎመን ተዪ» ነበር የሚሉኝ። እርሷ «አትተዪው፤ ግን በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ብዪ፣ መጠንሽንም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ንገሪኝ» አለችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሳምንት ሦስት ጭልፋ ጎመን ላይ ተስማማን፣ ዋርፋሪኑም በዚያው ልክ ተስተካከለ።

አሁን ወደ ወቀሳው። የእንግዳ መቀበያው ክፍል ከሐኪሞቹ ጋር የሚሠራ አይመስልም። ለአንድ ጉብኝት ሁለት ሂሳብ ደረሰኝ፤ አንዱ የሐኪሙ፣ ሌላው የሆስፒታሉ ሕንፃ አገልግሎት የሚባል፤ ሁለተኛው እንደሚመጣ አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ኢንሹራንሱ የአብሌሽኑን ቅድመ ፈቃድ በመጀመሪያ ውድቅ ያደረገው ክሊኒኩ የተሳሳተ የሕመም ስም ስለላከ ነው፤ ፊብሪሌሽን ብለው ጽፈውት ነበር! ሐኪሙ አርባ ደቂቃ ሙሉ የለያቸውን ሁለት ነገሮች ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ጠቅታ መልሶ ቀላቀላቸው። ለማስተካከል ስድስት ጊዜ ደወልኩ፤ በአራቱ ማንም አላነሣም። በቪዲዮ ካደረግኋቸው ሁለት ቀጠሮዎችም በአንዱ የአማርኛ አስተርጓሚ ሳይገኝ ቀርቶ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ከሕክምናው በፊትና በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚገልጸው ወረቀት በስፓኒሽና በሌሎች ሁለት ቋንቋዎች አለ፣ በአማርኛ የለም፤ ይህን ያህል አበሻ በሚኖርበት አካባቢ ይህ ሊቀር የማይገባው ጉድለት ነው። የመኪና ማቆሚያውን ዋጋ ለራሳችሁ ትተዋወቁት ዘንድ ልተወው።

ስለዚህ ግምገማዬ አንድ ቁጥር ሊሆን አይችልም። ለሐኪሙ ምክርና ለዋርፋሪን ክትትሉ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለቀጠሮ፣ ለስልክና ለሂሳብ ሥራው ሁለት ቢበዛበት እንጂ አያንስበትም። የቫልቭም ሆነ ሌላ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁና የምት መዛባት የገጠማችሁ ሰዎች እንዲህ ወዳለ፣ የቀዶ ሕክምናችሁን ሪፖርት ሳያነብ ስለ አብሌሽን ወደማይናገር ክሊኒክ ብትሄዱ ጥበቃው ዋጋ ያለው ይመስለኛል። ልባችሁ ከዚህ በፊት ተከፍቶ የማያውቅና ተራ ፍላተር ብቻ ያለባችሁ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ወረፋ መታገሥ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም፤ ሥራውን በብቃት የሚሠሩ ሌሎች በአካባቢው አሉ።

እኔ የወሰንኩት የፍላተሩን ብቻ ለማሠራት ነው። ፍላተር የተሠራለት ሰው ውሎ አድሮ ፊብሪሌሽን ሊያጠቃው እንደሚችል ነግረውኛል፤ የእኔ ደግሞ ከወዲሁ ብቅ ብሏል። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ ለስድስት ወር የልቤ ምት እየተመዘገበ ፊብሪሌሽኑ ይበዛ እንደሆነ ይታያል፣ የግራው ነገር የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ዋርፋሪኑ በሁለቱም መንገድ ዕድሜ ልክ ነው፤ አብሌሽን ከክኒን ያወጣኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበርና ይህን ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ነው የቆረጠልኝ። አሚዮዳሮኑ ቆሟል። አዛውንቶችን ከአልጋ እያነሣሁ በማሳርፍበት የእንክብካቤ ቤት ለአንድ ሳምንት ከባድ እንዳላነሣ ከሐኪሙ የተጻፈ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ አለቃዬም ሁለት ሳምንት ፈቅዳልኛለች። ቀጠሮዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ትናንት የተለካው አይኤንአር 2.9 ነው።